የሮማውያን ሞዛይክ ብርጭቆ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጥንታዊው የሮማ ሞዛይክ ብርጭቆ አዘውትረው የሚነሡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞዛይክ ብርጭቆ ምንድን ነው?

ሞዛይክ ብርጭቆ የሚባለው፣ አስቀድመው ከተዘጋጁ ባለ ብዙ ቀለም የብርጭቆ ዘንጎች ላይ የተቆረጡ ትናንሽ ቁራጮች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ በእሳት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፣ በመጨረሻም የዕቃ ቅርጽ ይዘው የሚወጡበት የብርጭቆ ዓይነት ነው። በዚህ መንገድ ከተሠሩት ዕቃዎች አብዛኞቹ ጎድጓዳ ሳህኖች፣ ዝርግ ሳህኖችና ትናንሽ ጽዋዎች ሲሆኑ፣ የሽቶ ብልቃጦች፣ ዶቃዎችና የቤት ዕቃ ማስጌጫ ገበታዎችም ይገኙባቸዋል። በሮማ ዓለም ጥበቡ እጅግ የደመቀው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ ከልደት በኋላ እስከ 1ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባለው ጊዜ ነበር።

ከሌላው የተጌጠ ብርጭቆ የሚለየው ንድፉ በገጹ ላይ የተቀባ ወይም የተለጠፈ አለመሆኑ ነው። በሸማ ላይ ጥለት ከድሩና ከማጉ ጋር አብሮ እንደሚሠራ ሁሉ፣ የሞዛይክ ብርጭቆ አበባም ከዕቃው አካል ጋር አንድ ሆኖ ከውስጠኛው ገጽ እስከ ውጨኛው ያልፋል። ስለዚህ ሳህኑ ቢሰበር እንኳ በስብራቱ ጠርዝ ላይ ቀለማቱ እንዴት እንደተያያዙ በግልጽ ይታያል።

በግድግዳና በወለል ላይ ከሚታየው ሞዛይክ በምን ይለያል?

የግድግዳና የወለል ሞዛይክ ከድንጋይ፣ ከሸክላ ወይም ከብርጭቆ የተቆረጡ ትናንሽ ጠጠሮችን በኖራ ልስን ላይ እየተከሉ ሥዕል የሚወጣበት ሥራ ነው። በዚያ ሥራ ጠጠሮቹን የሚያያይዛቸው ልስኑ ሲሆን እያንዳንዱ ጠጠር ባለ አንድ ቀለም ነው። በሄርኩላኔም ከተማ የኔፕቱንና የአምፊትሪቴ ቤት እየተባለ በሚጠራው ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል የብርጭቆ ጠጠር ለዚህ ዓላማ እንዴት ይውል እንደነበር ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

በሞዛይክ ብርጭቆ ግን ልስን የሚባል ነገር የለም። ቁራጮቹን የሚያያይዛቸው እሳት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ቁራጭ በራሱ የተሟላ ንድፍ አለው። ሁለቱ ሥራዎች ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ ይምታታሉ እንጂ ሠሪዎቻቸውም ሆኑ መሣሪያዎቻቸው የተለያዩ ነበሩ።

ሚሌፊዮሪ ከሚባለው ጋር አንድ ነው?

ሚሌፊዮሪ የሞዛይክ ብርጭቆ አንዱ ዓይነት ነው፤ ንድፉ አበባ የሚመስለው ማለት ነው። ስያሜው ጣሊያንኛ ሲሆን በጥንታውያኑ ሮማውያን ዘንድ አይታወቅም ነበር። አበባ የሌለባቸው፣ በሰንበር፣ በመረብ ወይም በጠመዝማዛ መስመር ያጌጡ ሞዛይክ ብርጭቆዎችም ብዙ ስለሆኑ ሁሉንም ሚሌፊዮሪ ብሎ መጥራት ትክክል አይደለም።

እንዴት ይሠራ ነበር?

ሥራው የሚጀምረው ከዘንጉ ነው። ባለሙያው ለምሳሌ ቢጫ እምብርት፣ ቀይ ቀለበትና ነጭ ቅጠሎች ያሉት አበባ በሐምራዊ መደብ ላይ ማውጣት ቢፈልግ፣ በመጀመሪያ ቢጫ የብርጭቆ ዘንግ ያዘጋጅና በቀይ ብርጭቆ ይሸፍነዋል፤ በዙሪያው ቀጫጭን ነጭ ዘንጎችን ይደረድርና ሁሉንም በሐምራዊ ብርጭቆ ያለብሰዋል። ይህ ወፍራም ጥቅል በእሳት ሲለሰልስ ከሁለቱም ጫፍ ተይዞ ይሳባል። ዘንጉ እየረዘመና እየቀጠነ ሲሄድ በውስጡ ያለው አበባም አብሮ ያንሳል፤ ቅርጹና የክፍሎቹ መጠን ግን አይዛባም። አስቸጋሪው የሥዕል ሥራ በትልቁ ከተሠራ በኋላ እሳቱና ስበቱ ያሳንሱታል፤ የጣት ጥፍር በማያህል ክብ ውስጥ በብሩሽ ሊሣል የማይችል ረቂቅ አበባ የሚገኘውም በዚህ ዘዴ ነው።

የቀዘቀዘው ዘንግ ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው ቁራጮች ይቆረጣል። ቁራጮቹ በዝርግ መደብ ላይ በክብ ቅርጽ ተጠጋግተው ይደረደሩና፣ ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ሙቀት እስኪጣበቁ ድረስ በእቶን ውስጥ ይቆያሉ። ክቡ ገና ለስላሳ እያለ ባለሙያው በመካከል ክፍተት እንዳይቀር ከዳር ወደ መሐል በብረት ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ ይህ ባለ ቀለም ገበታ በቅርጽ ማውጫ ላይ ተቀምጦ እንደገና ሲሞቅ በራሱ ክብደት እየወረደ የቅርጽ ማውጫውን መልክ ይይዛል። በዚህ ጊዜ ወደ ጠርዙ አካባቢ ያሉት አበቦች ጥቂት ስለሚለጠጡ በሳህኑ እምብርት ላይ ካሉት ይልቅ የተወጠሩ ሆነው ይታያሉ። የብዙዎቹ ሳህኖች አፍ ደግሞ ሁለት ቀለም ያላቸው ክሮች እንደ ገመድ በተገመዱበት ቀጭን ዘንግ ይከፈፍ ነበር።

የመጨረሻው ደረጃ ማቀዝቀዝና መሞረድ ነው። ብርጭቆው ቀስ በቀስ ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃል፤ ሞዛይክ ብርጭቆ ከሌላው ይልቅ ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቀለም በተለየ ማዕድን የተሠራ ስለሆነ ሲቀዘቅዝ የሚኮማተርበት መጠን ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ቀለማቱ ለዓይን መስማማታቸውን ብቻ ሳይሆን በእሳት ውስጥ መስማማታቸውንም ማወቅ ነበረበት። በእኔ አመለካከት የዚህ ጥበብ ትልቁ ዕውቀት የተደበቀው እዚህ ላይ ነው፤ ንድፉን ዓይን ያለው ሁሉ ሊቀዳ ይችላል፣ አብረው የሚቀዘቅዙ ቀለማትን መምረጥ ግን በብዙ ልምድ ብቻ የሚገኝ ነው። ዕቃው ከቀዘቀዘ በኋላ ገጹ በሻካራ አሸዋና በውኃ እየተሞረደ ይስተካከላል፣ ይወለወላልም።

ቀለሞቹ ከምን ይገኙ ነበር?

የሮማውያን ብርጭቆ መሠረቱ አሸዋና ናትሮን የተባለ የተፈጥሮ ሶዳ ሲሆን፣ ለጥንካሬው የሚያስፈልገው ኖራ ከአሸዋው ጋር ተቀላቅሎ ከሚገኘው የባሕር ዛጎል ይመጣ ነበር። ናትሮኑ በአብዛኛው ይወጣ የነበረው በግብፅ ከዋዲ ናትሩን ጨዋማ ሐይቆች ነው። በዚህ መሠረት ላይ ጥቂት ኮባልት ሲጨመር ደማቅ ሰማያዊ፣ መዳብ ሲጨመር እንደ እሳቱ ሁኔታ ውኃ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ፣ ማንጋኒዝ ሲጨመር ሐምራዊ ይገኛል። ብርሃን የማያሳልፈው ነጭ ከአንቲሞኒና ከካልሲየም፣ ቢጫው ደግሞ ከአንቲሞኒና ከእርሳስ ውሕድ የሚመጣ ነው።

ከሁሉ አስቸጋሪው ቀይ ነበር። መዳብ ቀይ ሆኖ የሚቀረው በእቶኑ ውስጥ ያለው አየር ኦክስጅን ሲያጥረው ብቻ ነው፤ አየር በብዛት ከገባ ያው ብርጭቆ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ስለዚህ በአንዳንድ ጥንታዊ ስብርባሪዎች ላይ የቀዩ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ሲገኝ ሠሪው ሌላ ቀለም ጨምሮ ሳይሆን እሳቱ ለጥቂት ጊዜ ከቁጥጥር ወጥቶበት ሊሆን ይችላል።

ጥበቡን የፈጠሩት ሮማውያን ናቸው?

አይደሉም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠሩ ሞዛይክ ብርጭቆዎች በዛሬዋ ኢራቅ በቴል አል-ሪማህና በአቃር ቁፍ ተገኝተዋል፤ ይህም ማለት ጥበቡ ሮም ከተቆረቆረችበት ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተቀዛቅዞ ቆይቶ፣ ከታላቁ እስክንድር በኋላ በነበረው በግሪካውያኑ የሄለኒስት ዘመን እንደገና አንሰራራ። በደቡብ ጣሊያን ካኖሳ በተባለች ከተማ መቃብሮች ውስጥ የተገኙት ሳህኖች የዚህ ዘመን ናቸው።

በሁለቱ ዘመናት መካከል ያለውን ድልድይ የሚያሳየው የአንቲኪቴራ መርከብ ነው። በ1900 የስፖንጅ ጠላቂዎች በግሪክ ባሕር ውስጥ ያገኙት ይህ መርከብ የሰጠመው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሲሆን፣ ዓለም የሚያውቀው ጥርስ ባላቸው መዘውሮች በሚሠራው የሥነ ፈለክ መሣሪያው ነው። ነገር ግን ከዚያው መርከብ የወጡት ባለ ብዙ ቀለም የሞዛይክ ብርጭቆ ሳህኖችም ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በባሕር ውስጥ ቆይተው ሳይሰበሩ የተገኙ ስለሆኑ ከመሣሪያው ባልተናነሰ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ሮማውያን ያደረጉት ጥበቡን ከምሥራቁ ባለሙያዎች ተቀብለው ማስፋፋትና በብዛት ማምረት ነው።

የት ይሠራ ነበር?

እዚህ ላይ ሁለት ሥራዎችን መለየት ያስፈልጋል። ጥሬውን ብርጭቆ ከአሸዋና ከናትሮን የማቅለጡ ሥራ የሚከናወነው በዋነኛነት በግብፅና በሶርያ፣ በፊንቄና በፍልስጤም የባሕር ዳርቻ ነበር፤ በዛሬው አኮ አጠገብ ያለው የቤሉስ ወንዝ አሸዋ በተለይ ዝነኛ ነበር። እዚያ የወጣው ጥሬ ብርጭቆ ተሰባብሮ በመርከብ ይጫንና በሌሎች አገሮች ባሉ አነስተኛ የሥራ ቤቶች እንደገና እየቀለጠ ዕቃ ይሠራበታል። ስለዚህ አንድ ሳህን ጥሬ ዕቃው ከምሥራቅ፣ እጁ ከጣሊያን ሊሆን ይችላል፤ «የተሠራው የት ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ የማይኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በባለ ብዙ ቀለም ብርጭቆ ትልቅ ስም የነበራት እስክንድርያ ናት። የጂኦግራፊ ጸሐፊው ስትራቦ፣ በእስክንድርያ ያነጋገራቸው ብርጭቆ ሠሪዎች በግብፅ አንድ ዓይነት አፈር እንዳለና ያለ እርሱ ውድና ባለ ብዙ ቀለም ሥራዎችን መሥራት እንደማይቻል እንደነገሩት ጽፏል። ባለሙያዎች የራሳቸውን ገበያ ሲጠብቁ የሚናገሩት ዓይነት ወሬ ይመስላል፤ ሆኖም ከልደት በፊት በ30 ዓመት ግብፅ በአውግስጦስ እጅ ከወደቀች በኋላ ጥበቡ በጣሊያንም ሥር ሰድዷል፣ በሮም ከተማ የተገኘው ስብርባሪ ብዛትም ይህንኑ ያመለክታል።

ምን ምን ዓይነት ንድፎች አሉ?

ከአበባው ሌላ በጣም የተለመደው ሰንበር ነው፦ የተለያየ ቀለም ያላቸው ረጃጅም ዘንጎች ሳይቆረጡ ጎን ለጎን ተጋድመው ይጣበቃሉ፣ ሳህኑም ከዳር እስከ ዳር ባለ መስመር ይሆናል። የመረብ ንድፍ የሚባለው ደግሞ ጥርት ያለ ብርጭቆ በውስጡ ነጭ ወይም ቢጫ ክር ይዞ ሲገመድና እነዚህ ግምዶች ተጠጋግተው ሲጣበቁ የሚገኝ ነው፤ ወደ ብርሃን ሲያዩት ክሮቹ በአየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። ዕብነ በረድንና ሰርዶንክስን የመሳሰሉ ድንጋዮችን ለመምሰል ቀለማት ሆን ተብለው እየተጠማዘዙ የሚቀላቀሉባቸው ዕቃዎችም አሉ፤ በውጭ በኩል ወፋፍራም ጎድኖች ያሏቸው ሳህኖች ብዙ ጊዜ ከዚህ ዓይነት ናቸው።

የወርቅ ሰንበር የሚባለው ዓይነት ከሁሉ ይከብዳል። በሁለት ጥርት ያሉ የብርጭቆ ሽፋኖች መካከል ስስ የወርቅ ቅጠል ገብቶ ከሰማያዊ፣ ከአረንጓዴና ከሐምራዊ ሰንበሮች ጋር አብሮ ይጣበቃል። ብርጭቆው ሲለጠጥ ወርቁ መለጠጥ ስለማይችል በጥቃቅኑ ይሰባበራል፤ ይህም ስብርባሪ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ውበት ይታይ ነበር። ይህ ዓይነት በብዛት የሚገኘው በትናንሽ የሽቶ ብልቃጦችና በክዳን ያላቸው ሙዳዮች ላይ ነው።

የሰው ፊት ያለባቸውስ እንዴት ተሠሩ?

በግብፅ ከሮማውያን በፊት ይገዙ በነበሩት ነገሥታት በጶጥሌማውያን ዘመን መጨረሻና በሮማውያን አገዛዝ መጀመሪያ ላይ የተሠሩ፣ የግሪክ ቲያትር ጭምብሎችን የሚያሳዩ ትናንሽ ገበታዎች አሉ። ጎናቸው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ሲሆን፣ በዚያች ጠባብ ስፍራ ላይ ቅንድብ፣ የዓይን ብሌን፣ የተከፈተ አፍ፣ በጸጉር ላይ የታሰረ አክሊልና የአበባ ጉንጉን ይታያሉ።

ቀረብ ብለው ካዩ በፊቱ መሐል ከግንባር እስከ አገጭ የሚወርድ ቀጭን መስመር ያገኛሉ። ሠሪው ሙሉ ፊት አልሠራም፤ በዘንጉ ውስጥ ያለው ግማሽ ፊት ብቻ ነው። ከዘንጉ ሁለት ተከታታይ ቁራጮች ይቆረጡና አንደኛው ይገለበጣል፤ ንድፉ ከፊት እስከ ኋላ የሚያልፍ ስለሆነ የተገለበጠው ቁራጭ የመጀመሪያውን ተቃራኒ ጎን ይሰጣል፣ ሁለቱም ሲገጣጠሙ ሙሉ ፊት ይሆናሉ። በዚህ መንገድ ሥራው በግማሽ ይቀንሳል፣ ከአንድ ዘንግም ብዙ ተመሳሳይ ፊቶች ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ግማሾች ሳይገጣጠሙ ቀርተው ዛሬ ብቻቸውን በሙዚየም ይታያሉ፤ ለእኔ የሠሪውን ብልሃት ከተጠናቀቁት ይልቅ የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው።

በጣም ውድ ነበር?

ከተራው ዕቃ ይወደድ ነበር፣ ነገር ግን የንጉሠ ነገሥት ቤተሰብ ብቻ የሚይዘው አልነበረም። የጥሬ ዕቃው ዋጋ ከሌላው ብርጭቆ እምብዛም አይርቅም፤ ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው ዘንጉን ለማዘጋጀት፣ ለመደርደርና ለመሞረድ የሚጠፋው ጊዜ ነው። ስብርባሪው ከሮም አልፎ በግዛቱ ዳርቻ ባሉ የወታደር ሰፈሮች ጭምር መገኘቱ መካከለኛ ሀብት ያለው ሰውም አንድ ሁለት ሳህን ሊኖረው ይችል እንደነበር ያመለክታል።

ጥንታውያን ጸሐፊዎች «ሙሪና» የሚሉት ይኸው ብርጭቆ ነው?

ይህ በብዙ ቦታ ተሳስቶ የሚጻፍ ጉዳይ ነው። ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ እንደሚተርከው የሙሪና ጽዋዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሮም ያመጣው የጦር መሪው ጶምጴዮስ ሲሆን፣ ይህም ከልደት በፊት በ61 ዓመት ካከበረው የድል በዓሉ ጋር የተያያዘ ነው። ጴጥሮንዮስ የተባለው ባለሥልጣን በሚሞትበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮን እንዳይወርሰው ሲል 300,000 ሰስተርቲ (የሮማ ገንዘብ) የወጣበትን የሙሪና ዕቃ እንደሰበረ፣ ኔሮን ራሱም ለአንድ ጽዋ 1,000,000 ሰስተርቲ እንደከፈለ ይኸው ጸሐፊ ያወሳል።

እነዚህ ግን ብርጭቆ አልነበሩም። ፕሊኒ ሙሪናን የሚመድበው ከምሥራቅ፣ በተለይም በፋርስ አካባቢ ከነበረው ከጳርቴ ግዛት ከሚመጡ የተፈጥሮ ድንጋዮች ጋር ነው፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ሙሪናን የሚመስል ብርጭቆ እንደሚሠራ ይናገራል። አንድ ነገር ራሱን አይመስልምና ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸው ከራሱ ከጸሐፊው ቃል ይታወቃል። ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ሙሪና ፍሎራይት የተባለው ባለ ሰንበር ማዕድን ነው ይላሉ፤ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙ ሁለት የሮማ ዘመን የፍሎራይት ጽዋዎችም ለዚህ ማስረጃ ሆነው ይጠቀሳሉ። ስለዚህ የኔሮንን ሚሊዮን ሰስተርቲ ለሞዛይክ ብርጭቆ ዋጋ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም።

ሞዛይክ ብርጭቆ ወደ አዱሊስና ወደ አክሱም ይመጣ ነበር?

የጽሑፍ ማስረጃው ወደዚያ ያመለክታል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ አንድ ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ በግሪክኛ የጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያ፣ ከግብፅ ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገቡትን ሸቀጦች ሲዘረዝር ልብሶችን፣ ናስን፣ ብረትን፣ ብዙ ዓይነት የብርጭቆ ድንጋዮችንና በዲዮስጶሊስ የተሠራ «ሙሪና» ይጠቅሳል። ከአዱሊስ የሚወጡት ደግሞ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ልብስ ነበሩ፤ የዝሆን ጥርሱም ከአክሱም በኩል እንደሚመጣ ጸሐፊው ይናገራል።

ዲዮስጶሊስ በግብፅ የነበረች ከተማ ናት። እውነተኛው ሙሪና ከፋርስ አካባቢ የሚመጣ ድንጋይ ከሆነ፣ በግብፅ «የተሠራ» ሙሪና ሊሆን የሚችለው ያንን ድንጋይ የሚመስል ብርጭቆ ነው፤ ስለዚህ ከጽሑፉ ተርጓሚዎች አንዳንዶቹ በቀጥታ ሞዛይክ ብርጭቆ ብለው ተርጉመውታል። ይህ ንባብ ለእኔም አሳማኝ ነው። እንግዲህ ፊደለ ጽርእን (የግሪክን ጽሕፈት) ያውቃል ብሎ ያ ነጋዴ ያመሰገነው ንጉሥ ዞስካሌስ በሚገዛበት ዘመን፣ በአዱሊስ ገበያ እነዚህ ባለ ቀለም ዕቃዎች ከዝሆን ጥርሱ ጋር ይለዋወጡ ነበር ማለት ነው። በአክሱም ቁፋሮዎች ከሮማው ዓለም የመጡ ብርጭቆዎች የተገኙ መሆናቸውም ንግዱ በወደቡ ብቻ እንዳልቆመ ያሳያል።

ለምን ጠፋ?

ምክንያቱ ብርጭቆን በትንፋሽ መንፋት ነው። ይህ ዘዴ ከልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በሶርያና በፍልስጤም አካባቢ ተጀመረ፤ ከመጀመሪያዎቹ ማስረጃዎች አንዱ በኢየሩሳሌም በአይሁድ ሰፈር ተቆፍሮ የወጣው የብርጭቆ ሥራ ቤት ቆሻሻ ነው። የሚነፋ ባለሙያ በጥቂት ደቂቃ ስስና ቀላል ጽዋ ያወጣል፤ ሞረድም አያስፈልገውም። ስትራቦ በዘመኑ በሮም አንድ የብርጭቆ ጽዋ በአንድ የመዳብ ሳንቲም ይገዛ እንደነበር ሲጽፍ የዚህን ለውጥ መጀመሪያ እያየ ነበር።

ዋጋው ብቻ ሳይሆን ምርጫውም ተለወጠ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሀብታሞች ከደማቅ ቀለም ይልቅ እንደ ውኃ የጠራ፣ በልሎር የሚመስል ብርጭቆ መፈለግ ጀመሩ። ከ79 ዓመተ ምሕረቱ የቬሱቪየስ ፍንዳታ በታች በፖምፔ የተቀበረው የቤት ዕቃ በአብዛኛው የተነፋ ብርጭቆ ነው፤ ሞዛይኩ በዚያን ጊዜ የአያቶች ዕቃ ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጨርሶ አልተሠራም?

በአነስተኛ መጠን ቀጥሏል። በምሥራቅ ለንደን በፕሬስኮት ጎዳና በተቆፈረ የሮማ ዘመን መቃብር ውስጥ ከ2ኛው እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተቀበረ የሞዛይክ ሳህን ተገኝቶ በ2010 ለሕዝብ ታይቷል። ነጭ ዳር ያላቸው በመቶ የሚቆጠሩ ሰማያዊ ቅጠሎች በቀይ መደብ ላይ የተደረደሩበት ነው፤ ብዙ ቦታ የተሰነጠቀ ቢሆንም በዙሪያው የነበረው አፈር ደግፎት ስለቆየ ቅርጹን እንደያዘ ወጣ። ጥቃቅን የሞዛይክ ቁራጮችም ለግድግዳና ለቤት ዕቃ ማስጌጫነት ያገለግሉ ነበር።

የዘመናዊው ሥራ ታሪክ በቬኒስ አጠገብ ካለችው የብርጭቆ ሠሪዎች ደሴት ከሙራኖ ይጀምራል። ቪንቼንሶ ሞሬቲ የተባለው የቬኒስ ባለሙያ የጥንቱን ስብርባሪ እያጠና የሮማውያንን ዘዴ መልሶ አገኘ፤ ሥራዎቹም በ1878ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ቀረቡ። ዛሬ በቬኒስ ሱቆች የምናያቸው ባለ አበባ ዕቃዎች የዚህ ትንሣኤ ልጆች ናቸው።

በአንዳንድ ጥንታዊ ብርጭቆ ላይ የሚታየው የቀስተ ደመና ነጸብራቅ ሠሪው ያደረገው ነው?

አይደለም። በአፈር ውስጥ ያለው እርጥበት በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ከብርጭቆው ገጽ ሶዳውን እያጠበ ሲወስድ እጅግ ስስ የሆኑ ሽፋኖች ይቀራሉ፤ ብርሃን በእነዚህ ሽፋኖች መካከል ሲመላለስ የቀስተ ደመና ቀለማት ይታያሉ። ስለዚህ ነጸብራቁ ውብ ቢሆንም የመበላሸት ምልክት ነው፤ በሞዛይክ ብርጭቆ ላይ ደግሞ ዋናውን ንድፍ ይሸፍነዋል። ሽፋኑን ማጠብ ወይም መፋቅ ገጹን ይዞ ስለሚነሣ የጥበቃ ባለሙያ ካልሆነ በቀር ማንም ሊነካው አይገባም።

የት ማየት ይቻላል?

በአሜሪካ ለሚኖሩ በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየምና በዚያው ክፍለ ግዛት ኮርኒንግ ከተማ ያለው የብርጭቆ ሙዚየም ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ በምዕራብ ጠረፍ ደግሞ የጌቲ ቪላ ጥሩ ስብስብ አለው። በእስራኤል ላሉ የኢየሩሳሌሙ የእስራኤል ሙዚየምና በቴል አቪቭ የኤሬጽ እስራኤል ሙዚየም የብርጭቆ አዳራሽ፣ በአውሮፓ ላሉ ብሪቲሽ ሙዚየምና ሉቭር አሉ። በሮም ብሔራዊ ሙዚየም ያለው የጎርጋ ስብስብ የተለየ ነው፤ ኤቫን ጎርጋ የኦፔራ ዘፋኝ ነበር፣ መድረኩን ትቶ ዕድሜውን ሙሉ ጥንታዊ ዕቃ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ሲሆን፣ ከሰበሰበው ውስጥ የብርጭቆ ስብርባሪው ብቻ እጅግ ብዙ ነው።

እውነተኛውን ከተመሳሰለው እንዴት መለየት ይቻላል? መግዛትስ ይቻላል?

በመጀመሪያ ዕቃውን ወደ ብርሃን አንሥተው ንድፉ በሁለቱም ገጽ መታየቱን ይመልከቱ፤ በአንድ ወገን ብቻ የሚታይ ከሆነ ሞዛይክ ብርጭቆ አይደለም። ቀጥሎ በውስጠኛው ገጽ ላይ የሞረዱን ጥቃቅን ክብ ጭረቶች፣ ወደ ጠርዙ ሲሄዱ ደግሞ የአበቦቹን መለጠጥ ይፈልጉ። እነዚህ ሁሉ ተሟልተው እንኳ ዕቃው ጥንታዊ ነው ማለት አይደለም፤ የሙራኖ ባለሙያዎች ይህንኑ ዘዴ ስለሚጠቀሙ ተመሳሳይ ምልክት ይተዋሉ። ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው የኬሚካል ምርመራ ነው፤ ለምሳሌ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ነጩን ብርጭቆ የሚያደበዝዘው አንቲሞኒ ሲሆን ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆርቆሮ እየተካው ስለሄደ፣ የአውግስጦስ ዘመን ነው በሚባል ሳህን ነጭ አበባ ውስጥ ቆርቆሮ ከተገኘ ጥርጣሬው ከባድ ይሆናል።

ይበልጥ የሚያታልለው ግን ሙሉ በሙሉ ሐሰት ያልሆነው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሮም ይገኝ የነበረው ስብርባሪ እንደገና ተሞርዶና ተወልውሎ ለጎብኚዎች ይሸጥ ነበር፤ ከተለያዩ ሳህኖች የመጡ እውነተኛ ቁራጮችን ገጣጥሞ አንድ ሙሉ ሳህን ማስመሰልም ያጋጥማል። እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ የኬሚካል ምርመራው «ጥንታዊ ነው» ብሎ ይመልሳል፣ እውነቱንም ነው። አታላዩን የሚያጋልጠው መጋጠሚያው ላይ የአበቦቹ ረድፍ መቋረጡና የውፍረቱ አለመመጣጠን ነው።

ግዢን በተመለከተ፣ ሻጩ ዕቃው ከየት አገር፣ መቼና በማን እጅ እንደወጣ የሚያሳይ ሰነድ ከሌለው አለመግዛት ይሻላል። የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት ያለ ፈቃድ የወጡ ቅርሶችን ንግድ የሚከለክል ሲሆን፣ ብዙ አገሮችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ በእስራኤል በ1978ቱ ሕግ መሠረት ከዚያ ወዲህ የተገኘ ቅርስ የመንግሥት ነው፣ የቅርስ ነጋዴም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ ከአገር ለማስወጣትም ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። በኢንተርኔት በጥቂት ዶላር «የሮማ ዶቃ» እየተባለ የሚቀርበው አብዛኛው ዕቃ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ሥራ ስለሆነ፣ የሚያስፈልግዎ ጌጥ ብቻ ከሆነ እንደ አዲስ ዶቃ በአዲስ ዶቃ ዋጋ ይግዙት።